መጋረጃውና ነፋሱ፤ በጋላክሲዎች እምብርት ዙሪያ ስላለው የትቢያ ደመና የአሳብ ታሪክ

በጥቅምት ወር መጨረሻ ገደማ፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከአዲስ አበባ ሆኖ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው፣ ከአናቱ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ባለው የሰማይ ክፍል ዓሣ አንበሪ የተባለውን የከዋክብት ምልክት ያገኛል። በዚህ ምልክት ውስጥ በዐይን ብቻ የማይታይ፣ በትንሽ መነጽር ግን እንደ ቍራጭ ጉም ሆኖ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ፒየር ሜሻን በ1780 አገኙት፤ የአገራቸው ሰው ሻርል ሜሲዬም በመዝገባቸው 77ኛ አድርገው አሰፈሩት። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሜሲዬ 77 ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሜሲዬ 77 ጋላክሲ ነው፤ ይኸውም እንደ እኛው ፍኖተ ሐሊብ ብዙ ቢሊዮን ከዋክብት የተሰበሰቡበት ሥርዓት ማለት ነው። ከእኛ 47 ሚሊዮን ያህል የብርሃን ዓመት ይርቃል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ያተኰሩት ግን በጠቅላላው ጋላክሲ ላይ ሳይሆን በመካከሉ ባለችው፣ ከቀረው ሁሉ ጋር ስትነጻጸር እጅግ ትንሽ በሆነች እምብርቱ ላይ ነው። በዚያች እምብርት ዙሪያ የትቢያና የጋዝ መጋረጃ አለ። ይህ መጋረጃ ምን እንደ ሆነ፣ ቆሞ የሚኖር ወይም የሚሄድ መሆኑ፣ ከእርሱም በስተጀርባ ያለው ነገር በሌሎቹ ጋላክሲዎች በግልጥ ከሚታየው ጋር አንድ መሆን አለመሆኑ ብዙ አከራክሯል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመከተል ያሰብነው የዚህን ክርክር መንገድ ነው። ከክርክሩ ሥር ያለው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሊቃውንት በመዝገብ ላይ ሁለት ስም ያወጡላቸው ነገሮች በእርግጥ ሁለት ናቸውን? ወይስ ሁለትነቱ ያለው በተመልካቹ አቋቋም ላይ ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከኅብረ ብርሃን ነው። የአንድ ኮከብ ብርሃን በፕሪዝም ውስጥ ቢያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል፤ በመካከሉም ጥቋቍር መሥመሮች ይታያሉ። የጋለ፣ ሥሥ ጋዝ ብርሃን ግን ሲዘረጋ ጥቂት ብሩህ መሥመሮች ብቻ ይወጡታል። ኤድዋርድ ፋዝ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ ተቋም በ1908 የሜሲዬ 77ን ብርሃን ሲዘረጉ የከዋክብትን ምልክት ለማግኘት ነበር የጠበቁት፤ ያገኙት ግን ከከዋክብቱ ምልክት ጋር ስድስት ብሩህ መሥመሮችን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሪዞና ቬስቶ ስላይፈር ይህንኑ በተሻለ መሣሪያ ደግመው አነሡ፤ በ1917 ባወጡትም ጽሑፍ መሥመሮቹ ቀጫጭን ሳይሆኑ የሰፉ መሆናቸውን አመለከቱ። ይህ ስፋት ትርጕም አለው። ወደ እኛ የሚመጣ ጋዝ መሥመሩን ወደ ሰማያዊው ወገን፣ ከእኛ የሚርቅም ወደ ቀዩ ወገን ያዘነብለዋልና፣ የሰፋ መሥመር ማለት በአንድ ቦታ ላይ በልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚጣደፍ ጋዝ አለ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሥራ ብሎ የተነሣ ሰው እስኪገኝ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። በ1943፣ ዓለም በጦርነት ላይ ሳለ፣ ካርል ሲፈርት በዊልሰን ተራራ በሚገኘው ተቋም የተነሡትን የስድስት ጋላክሲዎች ኅብረ ብርሃን አጥንተው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሜሲዬ 77 ከስድስቱ አንዱ ነው። የአንዳንዶቹ የሃይድሮጅን መሥመር ስፋት በሴኮንድ እስከ 8500 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፍጥነት የሚያመለክት ነበር። ዛሬ ያንን ጽሑፍ መልሶ የሚያነብ ሰው የሚገርመው ግን ሌላ ነገር ነው። በአንዳንዶቹ ጋላክሲዎች የሃይድሮጅኑ መሥመር ከሌሎቹ ንጥረ ነገሮች መሥመር ይልቅ እጅግ የሰፋ ነው፤ በሌሎቹ ግን፣ ሜሲዬ 77ን ጨምሮ፣ የሁሉም መሥመር ስፋት ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ ኋላ ሠላሳ ዓመት ቈይቶ ሊቃውንትን ለሁለት የከፈለው ልዩነት ከመጀመሪያው በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ጽሑፉን በጊዜው ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ሲፈርት ራሳቸው በ1960 በመኪና አደጋ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ስለ ሞቱ፣ ስማቸው ለጋላክሲ ዓይነት መጠሪያ ሲሆን ለማየት አልታደሉም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ብዙዎች ስለሚያውቁት ባጭሩ እናልፈዋለን። በ1959 ሎደዊክ ዎልትየር፣ ጋዙ በዚያ ፍጥነት እየተጣደፈ ሳይበተን የሚኖር ከሆነ፣ በዚያች ጠባብ እምብርት ውስጥ እጅግ የከበደ ነገር ሊኖር ይገባል ብለው አስሉ። በ1963 ማርተን ሽሚት 3ሲ 273 የተባለችው ኮከብ መሰል ነገር ከእኛ እጅግ ርቃ ያለች፣ ብርሃንዋም ከመላው ጋላክሲ ብርሃን የሚበልጥ መሆንዋን ደረሱበት፤ ኳዛር የሚባለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሳልፒተር በአሜሪካ፣ ዜልዶቪች በሶቪየት ኅብረት፣ በ1969ም ሊንደን ቤል በእንግሊዝ አገር፣ የዚህ ሁሉ ኃይል ምንጭ ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወርድ ጋዝ ነው አሉ። ጋዙ በቀጥታ አይወድቅም፤ እየተሽከረከረ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል፣ በመፋተጉም ይግላል፣ ያበራል።

ጋዝ ወደ ውስጥ መውረዱ በዚህ ሲታመን፣ ጋዝ ወደ ውጭ መውጣቱም በሌላ ወገን ይታይ ጀመር። አርመናዊው ቪክቶር አምባርትሱምያን በ1958 በብራስልስ ጉባኤ ላይ፣ የጋላክሲ እምብርት ነገርን የሚተፋ፣ የሚፈነዳ ቦታ ነው ብለው ተናገሩ። አሳባቸው በዝርዝሩ አልጸናም። በ1963 ፈንድቷል የተባለው ሜሲዬ 82 እንኳ ኋላ ሲመረመር ጋዙን የሚያስወጣው የአዳዲስ ከዋክብት ብዛት ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን «እምብርት ይሰጣል እንጂ አይቀበልም» የሚለው አሳብ ሰዎች የሚወጣውን ጋዝ እንዲፈልጉ አደረጋቸው፤ የተሳሳተ አሳብ ጠቃሚ ፍለጋን ሲወልድ ከምናይባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ይመስለናል። በ1967 ሮጀር ሊንድስ ፒ ኤች ኤል 5200 በተባለ ኳዛር ውስጥ ወደ ሰማያዊው ወገን ያዘነበሉ ሰፋፊ ጥቁር መሥመሮችን አገኙ። በ1969 አንደርሰንና ክራፍት ከሲፈርት ስድስት ጋላክሲዎች አንዱ በሆነው በኤን ጂ ሲ 4151 ተመሳሳይ ነገር አዩ። ጥቁር መሥመር የሚሠራው በእኛና በብርሃኑ መካከል የቆመ ጋዝ ነው፤ ወደ ሰማያዊው ካዘነበለ ደግሞ ያ ጋዝ ከምንጩ ወደ እኛ እየመጣ ነው። በኤን ጂ ሲ 4151 ፍጥነቱ በሴኮንድ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነበር። ነፋስ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ነፋሱን የሚያጠኑት ሰዎችና ጋላክሲዎቹን በዓይነት የሚለዩት ሰዎች ለብዙ ዘመን እንደ ሁለት ደብር ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ የራሱን ይቀድሳል እንጂ የሌላውን አይሰማም ነበር።

መለያውን ያጸኑት ካቺክያንና ዊድማን ናቸው። በ1974 ባወጡት ጽሑፍ የሲፈርትን ጋላክሲዎች በሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ዓይነት የሃይድሮጅን መሥመሩ ሰፊ፣ የሌላው መሥመር ግን ቀጭን የሆነው ነው፤ ሁለተኛው ዓይነት ሁሉም ቀጭን የሆነበት ነው። ቀጭኑ መሥመር የሚወጣው ከእምብርቱ ራቅ ብሎ ከሚገኝ እጅግ ሥሥ ጋዝ ነው፤ ሰፊው ግን ወደ ጥቁሩ ጉድጓድ ከቀረበ፣ ከጠቀጠቀና ከሚጣደፍ ጋዝ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ዓይነት ጋላክሲዎች ያ የቅርቡ ጋዝ የሌላቸው ይመስሉ ነበር፤ ሜሲዬ 77ም የእነዚህ አለቃ ሆኖ ተቈጠረ። በ1977 ማይክል ሮዋን ሮቢንሰን ምናልባት ትቢያ ጋርዶት ይሆናል የሚል አሳብ ቢያቀርቡም ማስረጃው ገና አልተገኘም ነበር። በመጋረጃ የተሸፈነን ነገር «አለ» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ማሳየት ግን ሌላ ነው።

ያሳየው ሥራ የተሠራው ፋዝ ስድስቱን መሥመሮች ባዩበት በዚያው በሊክ ተቋም ነው። ከሁሉ ይልቅ ሰፋ አድርገን ልንተርከው የምንፈልገውም ይህንን ነው። የሜሲዬ 77 እምብርት ብርሃን ከፊሉ ፖላራይዝድ መሆኑ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ተራ ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል፤ በአንድ ነገር ላይ ነጥሮ ወደ ጎን የተመለሰ ብርሃን ግን ይበልጡን በአንድ አቅጣጫ ይርገበገባል፣ ፖላራይዝድ የሚባለውም ይህ ነው። ሮበርት አንቶኑቺ በዚያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበሩ፤ ከጆሴፍ ሚለር ጋር በመሆን ባለ 3 ሜትሩን ቴሌስኮፕ ወደ ሜሲዬ 77 አዙረው፣ ጠቅላላውን ብርሃን ከመዘርጋት ይልቅ ፖላራይዝድ የሆነውን ብቻ ለይተው ዘረጉት። በ1985 የታተመው ውጤታቸው በአንድ ሥዕል የሚያልቅ ነው። በጠቅላላው ብርሃን ቀጫጭኖቹ መሥመሮች ብቻ ይታያሉ፤ በፖላራይዝዱ ብርሃን ግን የሃይድሮጅኑ መሥመር በሴኮንድ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ስፋት ተዘርግቶ ቁጭ ብሏል። የሁለተኛው ዓይነት አለቃ በውስጡ የአንደኛው ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። ከግንብ በስተጀርባ መብራት የያዘ ሰው ተቀምጧል እንበል። እኛ ከግንቡ ወዲህ ነን፤ ሰውየውን አናየውም። ከግንቡ በላይ ጢስ ቢያልፍ ግን የመብራቱ ብርሃን በጢሱ ላይ ነጥሮ ወደ እኛ ይደርሳል፤ ከዚያ ብርሃን የመብራቱን ዓይነት ለማወቅ ይቻላል። በሜሲዬ 77 የጢሱን ሥራ የሚሠሩት ነጻ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ይህም የታወቀው ብርሃኑ በቀለማት ሁሉ እኩል፣ ከመቶ 16 ያህል፣ ፖላራይዝድ ሆኖ በመገኘቱ ነው፤ ትቢያ ቢሆን ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ በመለሰ ነበር። የተርገበገበበት አቅጣጫም ጋላክሲው ከሚተፋው የራዲዮ ጄት መሥመር ጋር ቀጥ ብሎ የሚቋረጥ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ከእምብርቱ መጀመሪያ የወጣው በጄቱ አቅጣጫ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ በጎን ያለው መንገድ ተዘግቷል። በዚህ አንድ መለኪያ መጋረጃው መኖሩ ብቻ ሳይሆን ቅርጹም ታወቀ።

ከዚህ በኋላ የተሣለው ሥዕል በየመጽሐፉ ገብቷል። በመካከል ጥቁሩ ጉድጓድ፣ በዙሪያው የሚያበራው ሰፌድ፣ በሰፌዱም ዙሪያ ለእንስራ ማስቀመጫ እንደሚሠራው ማቶት ያለ ወፍራም የትቢያ ቀለበት ይታያል። በቀዳዳው በኩል የሚያይ ሰው አንደኛውን ዓይነት፣ ከጎን የሚያይ ሁለተኛውን ዓይነት ያያል። ጋላክሲው አንድ ነው፤ የተለየው ተመልካቹ የቆመበት ነው። አንቶኑቺ በ1993፣ ኡሪና ፓዶቫኒ በ1995 ይህንን አሳብ ለኳዛሮችና ለራዲዮ ጋላክሲዎች ጭምር አስፍተው ጻፉት፤ የአንድነት አሳብ የሚባለውም ይኸው ነው።

ሥዕሉ ያማረ ነው። ችግሩም በማማሩ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ክሮሊክና ቤገልማን በ1988 ቀለበቱ እንዴት ሊቆም እንደሚችል ሲመረምሩ ከባድ ጥያቄ ላይ ደረሱ። በአቅራቢያችን ከሚገኙት የሲፈርት ጋላክሲዎች ይበልጡን ቍጥር የያዘው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ እንግዲህ መጋረጃው ከእምብርቱ ዙሪያ ከግማሽ በላይ የሆነውን መሸፈን አለበት፣ ይህም ቁመቱ ከስፋቱ ጋር የተቀራረበ ወፍራም ነገር ያደርገዋል። ነገር ግን በከባድ አካል ዙሪያ የሚሽከረከር ጋዝ በጊዜ ብዛት ወርዶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ወፍሮ እንዲቆም በውስጡ ያለው ሙቀት ቢደግፈው ይቻል ይሆናል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት ግን ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው፣ ትቢያ ደግሞ 1500 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይተናል። ቀለበቱ በየራሳቸው መንገድ በሚሮጡ ብዙ ደመናዎች የተሠራ ነው ቢባል ደግሞ፣ ደመናዎቹ በሴኮንድ መቶ ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት እየተጋጩ ኃይላቸውን ወዲያው ያጠፋሉ። ታዲያ ማቶቱን ማን ያቆመዋል?

የመልሱ ፍንጭ በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነበረ። በ1986 ክሮሊክና ቤገልማን አንቶኑቺና ሚለር ያገኟቸው ኤሌክትሮኖች ከየት እንደ መጡ ሲጠይቁ፣ ከመካከል የሚወጣው ኤክስ ሬይ የቀለበቱን ውስጠኛ ግድግዳ አግሎ እያተነነ ነፋስ ያደርገዋል ብለው ነበር። የተደበቀውን እምብርት ያሳየን «ጢስ» እንግዲህ ከመጋረጃው ራሱ የተነሣ ነው ማለት ነው። ከዚህ አንድ እርምጃ ቢቀጥሉ መጋረጃው በሙሉ ነፋስ ነው ከሚለው አሳብ ይደርሱ ነበር። ያንን እርምጃ ኬኒግልና ካርትየ በ1994 ሞከሩት፤ ከሰፌዱ ላይ በማግኔት ኃይል ተነሥቶ ትቢያ ተሸክሞ የሚወጣ ነፋስ መጋረጃውን ሊሠራ እንደሚችል አሰሉ። ኤሊትዙርና ሽሎስማን በ2006 የማቶቱ ዘመን ያለፈ ይሆን ወይ ብለው በጽሑፋቸው ርእስ ላይ እስከ መጠየቅ ደረሱ። ነፋስ ከሆነ የማቆሙ ችግር ይወድቃል፤ የሚሄድ ነገር እንዲቆም አይጠየቅምና። የምንጭ ውሃ ሁልጊዜ እየፈሰሰ ቅርጹ እንደማይለወጥ፣ መጋረጃውም ጋዙ እየተለወጠ ቅርጹ ይኖራል።

ነፋሱን የሚያነሣው ማግኔት ብቻ አይደለም። ብርሃን ራሱ ይገፋል፤ ትቢያ ያለበትን ጋዝ የሚገፋበት ኃይል ደግሞ ትቢያ የሌለበትን ከሚገፋበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እምብርቱ ጠንክሮ ሲያበራ መጋረጃውን ራሱ ይገፈዋል። በ2017 ክላውዲዮ ሪቺና ባልደረቦቻቸው በኤክስ ሬይ የታዩ ብዙ መቶ እምብርቶችን አሰባስበው፣ ብርሃኑ ትቢያውን ሊገፋ ከሚችልበት መጠን ሲያልፍ የተጋረዱት ቍጥር በድንገት እንደሚያንስ አሳዩ። ይህ ለአንድነቱ አሳብ ትልቅ እርማት ነው። የተመልካቹ አቋቋም ብቻ ሳይሆን እምብርቱ የሚውጠው ጋዝ ብዛትም ዓይነቱን ይወስናል ማለት ነውና።

ወደ ሜሲዬ 77 እንመለስ፤ ቀለበቱን በዐይን የማየት ዘመን ደርሷልና። ከ47 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ጥቂት የብርሃን ዓመት ስፋት ያለውን ነገር ለይቶ የሚያይ አንድ ቴሌስኮፕ የለም። በቺሌ በፓራናል ተራራ ላይ ግን የብዙ ቴሌስኮፖች ብርሃን ተጋጥሞ እንደ አንድ ትልቅ ዐይን ያገለግላል። ዋልተር ያፌና ጓደኞቻቸው በ2004 በዚህ ዘዴ 11 ያህል የብርሃን ዓመት ስፋትና 7 ያህል ቁመት ያለው፣ ሙቀቱ በኬልቪን መለኪያ 320 ዲግሪ የሆነ የትቢያ አካል በእምብርቱ አገኙ። ማቶቱ ታየ ተባለ። ሰባስትያን ሆኒግና ባልደረቦቻቸው ግን በ2012ና በ2013 ኤን ጂ ሲ 424ንና ኤን ጂ ሲ 3783ን በዚሁ መሣሪያ ሲለኩ፣ ከሞቀው ትቢያ ይበልጡ በወገብ ላይ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀዳዳው ሊሆን በሚገባው በኩል ተዘርግቶ አገኙት። ባዶ ይሆናል በተባለው ቦታ ትቢያ መገኘቱ ለነፋሱ አሳብ የመጀመሪያው የዐይን ምስክር ነው።

በ2016 በቺሌ ምድረ በዳ ያሉት የአልማ አንቴናዎች የሜሲዬ 77ን ቀዝቃዛ ጋዝ አሳዩ። ጋርሲያ ቡሪዮና ባልደረቦቻቸው 30 ያህል የብርሃን ዓመት ስፋት ያለው፣ ክብደቱም መቶ ሺህ ፀሐይ የሚያህል ሰፌድ ለኩ። ጋሊሞርና ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው ከዚያው ሰፌድ በሁለት ወገን በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጣደፈ የሚወጣ ጋዝ አዩ። በ2019 ደግሞ የውስጠኛውና የውጪው ሰፌድ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሽከረከሩ ተገለጠ፤ ይህን ከመጽሐፍ ሥዕል ጋር ለማስማማት የሚሞክር ቢኖር እኛም ለማየት እንፈልጋለን።

ከዚያም አንድ ክርክር ተነሣ። በ2020 ግራቪቲ የተባለውን የፓራናል መሣሪያ የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች በእምብርቱ ላይ ከአንድ የብርሃን ዓመት ያነሰ ራዲየስ ያለው ቀጭን የጋለ ትቢያ ቀለበት አገኙና፣ ጥቁሩን ጉድጓድ በዚያ ቀለበት መካከል አኖሩት። እንዲህ ከሆነ ወፍራም ማቶት የለም፤ የሚጋርደንም ሌላ፣ ወደ እኛ ቀረብ ያለ ትቢያ ነው። በ2022 ቪዮሌታ ጋሜስ ሮሳስና ባልደረቦቻቸው ማቲስ በተባለው አዲስ መሣሪያ የትቢያውን ሙቀት በየቦታው ከለኩ በኋላ የጥቁሩን ጉድጓድ ስፍራ ወደ ሌላ ነጥብ አዛወሩት፤ በዚያም ስፍራ ወፍራም ትቢያ ይጋርደዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት ትቢያ አንድ ነው፤ የተለያዩት የማይታየውን ነጥብ በካርታው ላይ በሚያኖሩበት ቦታ ነው። እኛ የሁለተኛው አሳብ የበረታ ይመስለናል፣ ከራዲዮው ካርታና ከሙቀቱ ጋር ይስማማልና፤ ሆኖም የአንድነት አሳብ ከ1985 ጀምሮ የተመረኰዘበት ጋላክሲ ራሱ እንዲህ የሚያከራክር መሆኑ ለጥንቃቄ የሚያበቃ ነው።

የመጋረጃውን መሄድ በዐይን ያዩትም አሉ። በ2006 ጊዶ ሪዛሊቲና ጓደኞቻቸው ኤን ጂ ሲ 1365ን በኤክስ ሬይ ሲከታተሉ ብርሃኑ በአራት ቀን ውስጥ ተጋርዶ ተመልሶ ተገለጠ፤ አንድ ደመና በፊቱ አልፎ ነበር። ከዚህ የሚበልጠው በ2013 በኤን ጂ ሲ 5548 የሆነው ነው። ይህ ጋላክሲ ለብዙ ዓመታት የአንደኛው ዓይነት ምሳሌ ሆኖ የተጠና ሲሆን፣ ጄሌ ካስትራና ባልደረቦቻቸው በዚያ ዓመት ሲያነሡት ከቀላሉ ኤክስ ሬይ ከመቶ ዘጠናው ጠፍቶ አገኙት። የጋረደው በሴኮንድ እስከ 5000 ኪሎ ሜትር ከእምብርቱ የሚወጣ የጋዝ ጅረት ነበር። እዚህ ላይ ነፋሱና መጋረጃው አንድ ነገር ሆነው በአንድ መለኪያ ታዩ፤ ሁለቱ ደብሮች አንድ ጽላት አገኙ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ ጥቁሩ ጉድጓድ ከሚኖርበት ጋላክሲ ጋር ሲነጻጸር ከቤት ውስጥ እንዳለች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ አይሆንም። ነገር ግን በ2000 ሁለት ቡድኖች የጥቁሩ ጉድጓድ ክብደት በመካከለኛው የጋላክሲ ክፍል ካሉት ከዋክብት ፍጥነት ጋር በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። ትንሹ ትልቁን በምን ያውቀዋል? ሲልክና ሪስ በ1998 እንዳሰቡት፣ ማያያዣው ነፋሱ ሊሆን ይችላል፤ ጉድጓዱ ሲጠግብ የሚያስነሣው ነፋስ ለከዋክብት መወለጃ የሚሆነውን ጋዝ ያባርረዋል። በ2010 ማርካርያን 231 ከተባለው ጋላክሲ በየዓመቱ 700 ፀሐይ የሚያህል ጋዝ እንደሚወጣ ተለካ። በ2025 ክሪዝም የተባለው የጃፓን ሳተላይት ፒ ዲ ኤስ 456 የተባለውን ኳዛር ሲመለከት ደግሞ፣ ነፋሱ አንድ ወጥ ሳይሆን ቢያንስ አምስት ልዩ ልዩ ጓል ሆኖ፣ ከብርሃን ፍጥነት ከመቶ ሃያ እስከ ሠላሳ በሚሆን ፍጥነት ሲወረወር አገኘው። እንደ ዝናብ አይወርድም፣ እንደ በረዶ ድንጋይ ነው እንጂ። እንዲህ ያለ የተቈራረጠ ነፋስ የጋላክሲውን ጋዝ ሳይነካ በየክፍተቱ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ያባርራል የሚለው ስሌት እንደገና መታየት አለበት።

የአንድነት አሳብ ምን ያህል ይደርሳል? ለሜሲዬ 77 እውነት ነው፤ ለብዙዎችም እውነት ነው። ለሁሉ ነው የተባለው ግን ቸኵሎ ይመስለናል። ነፋሱ አስቀድሞ የታየበት ኤን ጂ ሲ 4151 የአንደኛው ዓይነት ሆኖ ሲታወቅ፣ በ1984 ሰፊው መሥመር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ኋላም ተመለሰ። ጋላክሲው አልዞረም፣ እኛም አልተንቀሳቀስንም። እንዲህ ዓይነታቸውን በጥቂት ዓመታት የሚለውጡ ሌሎችም ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹ መጋረጃ አልፎባቸው፣ አንዳንዶቹ ግን እምብርታቸው ራሱ ደክሞ ወይም በርትቶ ነው። ይህንን ለመለየት አንዱን ጋላክሲ ለብዙ ዓመታት በተከታታይ ማየት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ ትልቅ መስተዋት ሳይሆን ትዕግሥት ይፈልጋል። በ2015 በእንጦጦ ተራራ ላይ የተመረቀው ተቋም ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሲሆኑ፣ ሜሲዬ 77 ከምድር ወገብ በላይ በሚባል ሁኔታ ስለሚያልፍ ከዚያ ሆኖ ከፍ ብሎ ይታያል።

መጋረጃውን ሳይቀደው የሚያልፍ አንድ ነገር ብቻ በቅርቡ ተገኝቷል። በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ የተቀበረው አይስ ኪዩብ ከ2011 እስከ 2020 ከሰማይ የመጡ ኒውትሪኖዎችን ሲመዘግብ ኖሮ፣ ከተለመደው ብዛት በላይ 79 ያህሉ ከሜሲዬ 77 አቅጣጫ እንደ መጡ በ2022 ተገለጠ። ኒውትሪኖ ትቢያም ጋዝም አይዘውም። ከእነርሱ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት ጠንካራው ጋማ ጨረር ግን እስካሁን አልታየም፤ በእምብርቱ አጠገብ ተውጦ እንደ ቀረ ይገመታል።